ቴሌቪዥን ላይ የወጣው የዕቃ ማጠቢያ

ረድፍ 1

ሃያ ዘጠኝ ሰንሰለት ሥሪ።

ቁጠሪ።

ሃያ ሰባት ከሆነብሽ አትደንግጪ፣ የኔም ሃያ ሰባት ነበር። ሁለተኛ ስቆጥረው ሠላሳ አንድ ሆነ። የክሩ ሰንሰለት ያው ሰንሰለት ነው፤ ግን ጣትሽ አንዷን ሁለቴ ይነካና ቁጥሩ ይዛነፋል። በየአሥሩ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ ምልክት አድርጊ።

ክሩ የጥጥ ይሁን። የሹራብ ክር ውሃ አይጠጣም፤ ሳህኑ ላይ ውሃውን ከወዲያ ወዲህ ሲገፋ ይውላል። ገበያ የምታገኚው የኪሮሽ ክር ደግሞ ቀጭን ነው፣ ስለዚህ አራቱን ደርበሽ ያዢ። አራት ጥቅል ክር አንድ ፌስታል ውስጥ ከገባ መጠላለፉ አይቀርም። አትበሳጪ። ወይም ተበሳጪ፣ እኔ ተበሳጭቻለሁ።

የምንሠራው የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ነው። አራት ማዕዘን፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል፣ ፊቱ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ የኪሮሽ ሥራ የለም ብላኛለች ዩቲዩብ ላይ ያገኘኋት ሴትዮ።

(ወንድ ከሆንክ «ሥሪ» ያልኩትን «ሥራ» ብለህ አንብበውና ተቀመጥ። ቦታ አለ።)


ረድፍ 2

ይሄን የምጽፈው እኔ ምንትዋብ ነኝ። ደሴ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እስከ ዘንድሮ ጥር ድረስ የኪሮሽ መርፌ ይዤ አላውቅም፤ ስለዚህ ከኔ ብዙ አትጠብቂ።

ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ ናት፣ ወይዘሮ እንጉዳይ። የሰፈሩን አልጋ ሁሉ በኪሮሽ ያለበሰች እሷ ናት። ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ጠዋት ፊቷን እየታጠበች ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇ ሰነፈ። ንግግሯ ጠፋ። የቀራት ሁለት ነገር ነው፦ «እሺ» እና ቁጥር።

ምንትዋብ የመዝገብ ስሜ ነው። እናቴ ግን በሱ ጠርታኝ አታውቅም። ራሷ ያወጣችልኝ የቤት ስም አለ። አባቴም በሕይወት ሳለ፣ ወንድሜም እስከዛሬ በዚያ ስም ጠርተውኝ አያውቁም፤ የሷ ብቻ ነው። ከጥቅምት ዘጠኝ ወዲህ አልሰማሁትም። እዚህ አልጽፈውም። መጀመሪያ እሷ ትበለው።

የምፈልገው ይሄን ብቻ ነው። ጨርቁ ሰበብ ነው።


ረድፍ 3

ሁለት ወር ሙሉ የቁጥሮቿን ትርጉም ለማግኘት ደብተር ይዤ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ እናቷ በቁጥር ስታናግራት ሌላ ምን ታደርጋለች? ከደብተሩ አንድ ሳምንት ይኸውልሽ።

ሰኞ ጠዋት። «አራት።» ውሃ ፈልጋ ነው።
ሰኞ ከሰዓት። «አራት።» መስኮቱ ይዘጋ።
ማክሰኞ። «አሥራ ሁለት።» ጫማዋ አልጋ ሥር ገብቷል።
ረቡዕ። «አራት።» ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በር ላይ ቆመዋል።
ሐሙስ። «ሰባት።» እኔን ነው።
ዓርብ። «ሠላሳ።» እኔን ነው።
ቅዳሜ። «ሠላሳ።» ሙዝ።
እሑድ።

ሕግ የለውም። በግራ ብመጣ በቀኝ ብመጣ የለውም። ከሰባት ወደ ሠላሳ ማደጌ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሙዙ እስኪመጣ ድረስ።


ረድፍ 4

ኑረዲን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቤት እየመጣ የእናቴን እጅ ያሠራል። ይሄ በስልኬ ከቀዳሁት ንግግር የተገለበጠ ነው፤ አስፈቅጄዋለሁ።

እኔ፦ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ቁጥር ለምን ቀረ?

ኑረዲን፦ ቁጥር፣ ጸሎት፣ የሳምንቱ ቀናት... ዕድሜ ልክ ሲደጋገም የኖረ ነገር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሳያስቡት ነዋ የሚወጣው።

እኔ፦ እሷ ደግሞ ምን ስትቆጥር ኖረች?

ኑረዲን፦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ ልጃቸው። (ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ፍሪጁን ያያል።) ይሄን ሁሉ ኪሮሽ ማን ሠራው?

እኔ፦ እሷ።

ኑረዲን፦ እና?

(የሶፋውን ኪሮሽ ቋጠሮ በዐይኔ መቁጠር እጀምራለሁ።)

እኔ፦ የሰው ስምስ?

ኑረዲን፦ ስም ያስቸግራል።

እኔ፦ የልጅ ስም?

ኑረዲን፦ የልጅም። የሚመለስላቸው አሉ፣ የማይመለስላቸውም አሉ። ትልቁ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው።

እኔ፦ ሦስቱ አልቋል እኮ።

ኑረዲን፦ እሱን አውቃለሁ። የሚያውቁትን ሥራ አብረሻቸው ሥሪ። ሊናገሩ ሲሉ ደግሞ ቃሉን ቀድመሽ አትበይላቸው። በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪና ጠብቂ።

እኔ፦ እኔ ትንሽ እቸኩላለሁ።

ኑረዲን፦ አይቻለሁ።


ረድፍ 5

መርፌው የሚገባበትን ቀዳዳ ዐይን እንበለው።

አጭር ቋጠሮ። መርፌውን ዐይኑ ውስጥ አስገቢ፣ ክሩን ጎትተሽ አውጪ። መርፌው ላይ ሁለት ቀለበት አለ። ክሩን በሁለቱም ውስጥ አሳልፊ።

ረጅም ቋጠሮ። መጀመሪያ ክሩን መርፌው ላይ ጠምጥሚ። አስገቢ፣ ጎትተሽ አውጪ። ሦስት ቀለበት አለ። በሁለቱ አሳልፊ። በቀሩት ሁለትም አሳልፊ።

የመጀመሪያዋን ሰንሰለት ዝለይና አንዱን አጭር፣ ቀጣዩን ረጅም እያልሽ እስከ ጫፍ ሂጂ። ሃያ ስምንት ይሆናል። ስትመለሺ በአጭሩ ላይ ረጅም፣ በረጅሙ ላይ አጭር። መጎርበጡ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ረጅሙ በአጭሮቹ መሃል ይጨናነቅና ወደ ፊት ያብጣል። ለምን ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አያብጥም ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ገልብጬ ሳየው ለካ ወደ ኋላም አብጧል።

የጀመርነው ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነው። እኔ መርፌውን ያዝኩ፣ እሷ በደህና እጇ ክሩን ያዘች። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ሳወጣ «አንድ» አለች።

ይሄኛው «አንድ» አንድ ማለት ነበር።

«ሁለት» አለች። ልክ ናት። «ሦስት።» ልክ ናት። ድምጿ ራሱ የድሮው ድምጿ ነበር፣ ያ ከጓዳ ሆና ስትጣራ ግቢውን የሚሞላው። ክሩን ሳጠብቀው እጄን መታ ታደርገኛለች፣ ሳላላውም መታ ታደርገኛለች። ሃያ ስምንት ላይ ስንደርስ አለቀስኩ። እሷ ግን ምን ገዷት፣ ቀጥይ በሚል ክሩን ትነቀንቀዋለች።

ልጅ ሆኜ እንድታስተምረኝ ለምኛት አውቃለሁ። «አንቺ እስክሪብቶ ያዢ» ብላ መርፌውን ከእጄ ቀማችኝ። እንድማር ብላ መሆኑ ገብቶኝ ነበር፤ ቢሆንም ከፍቶኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ እሷ መናገር ሲያቅታት ነው የተማርኩት።


ረድፍ 6

የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ጨርቁ እየጠበበ ሄደ።

ስንጀምር ሃያ ስምንት ዐይን ነበር
ቀጥሎ ሃያ ሰባት ሆነ
ከዚያ ሃያ ስድስት
ሃያ አራት

ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። የረድፉ የመጨረሻ ዐይን ጥግ ላይ ትሸጎጥና አትታይም፣ አንቺም አልቋል ብለሽ ትዞሪያለሽ። በየረድፉ አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት እያልሽ ሳይታወቅሽ አራት ማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን ሊሆን ይዳዳል። እናቴ «ሃያ አራት» ብላ ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ። ይቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ቤት ሳልጠርግ ጠርጌያለሁ ስላት ያየችኝ ናት።

«ይሁን እማዬ» አልኳት። «ዕቃ ማጠቢያ እኮ ነው። ማን ያየዋል?»

የክሩን ጫፍ ያዘች።

ሳበችው።



የሁለት ሳምንት ሥራ እቅፏ ውስጥ ክር ሆኖ ተከመረ።


ረድፍ 1

ሃያ ዘጠኝ ሰንሰለት ሥሪ።

(ገጹ አልተሳሳተም፣ ወደ ኋላ አትመልሺው። እሷ ስትፈታው የኔም ቁጥር አብሮ ተፈታ። የተፈታ ክር ደግሞ እንደ ኑድል ተጠቅልሎ ያስቸግራል፤ በእንፋሎት አለስልሺው።)

የመጨረሻዋን ዐይን በጥፍርሽ ፈልጊያት። አለች።


ረድፍ 2

እኛ ቤት ኪሮሽ የለበሱ ነገሮች፦

ሶፋው፣ ጀርባውም ክንዱም።
ፍሪጁ።
የማይሠራው ራዲዮ።
የሚሠራው ራዲዮ።
የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ቀሚስ ከነዘርፉ።
የአባቴ ፎቶ።
ቴሌቪዥኑ።

ስለ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ልበል። የድሮው ቴሌቪዥን ጀርባው ሰፊ ነበርና ኪሮሹ ተደላድሎ ይቀመጥበት ነበር። ወንድሜ ደምሰው ቀጭኑን ሲገዛልን ኪሮሹ መቀመጫ አጣ፤ እየተንሸራተተ ዜና አንባቢው ፊት ላይ ይወርዳል። እናቴ ተሸንፋ አታውቅም። ከኋላ በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። ዜናውን በዘርፍ ውስጥ ማየት ለምደናል።


ረድፍ 3

ኑረዲን የሰጠኝ የክትትል ቅጽ። የካቲት።

የታካሚ ስም፦ እንጉዳይ አሊጋዝ
ዕድሜ፦ 67 (ራሷ ስትጠየቅ «ሃምሳ» ብላለች፤ በሽታው ይሁን ሌላ እርግጠኛ አይደለሁም)
ቀኝ እጅ፦ ማንኪያ ትይዛለች፣ ታፈሳለች
አዲስ ቃላት፦ «ተይ»፣ «እንዴ»፣ «ጨው»
ዓረፍተ ነገር፦ የለም
በስም የምትጠራቸው ሰዎች፦


ረድፍ 4

መጋቢት ሦስት ቀን ጨርቁ አለቀ። ሃያ አራት ረድፍ። ክሩን ቁረጪ፣ በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አሳልፊና ሳቢ፣ የተረፈውን ጫፍ በመርፌ ውስጥ ለውስጥ ደብቂ። አራቱም ጎን እኩል ነበር። በማስመሪያ ለካሁት፣ አታላግጪብኝ።

ማጀት ወስጄ ቧንቧው ላይ ሰቀልኩት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቧንቧው ላይ የለም። ሳሎን ገባሁ። ትልቁ ኪሮሽ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ላይ የኔ ዕቃ ማጠቢያ ተሰክቷል። እናቴ ከፊቱ ተቀምጣለች። እትዬ ዘሃራም ሊጠይቋት መጥተው ከጎኗ አሉ።

«ምንትዋብ፣ ይሄ አዲስ ነው? ያምራል» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«የዕቃ ማጠቢያ ነው።»

«የቱ?»

«እሱ። ኪሮሹ።»

«ኪሮሽ ለዕቃ?»

«ጥጥ ነው እትዬ ዘሃራ። ውሃ ይጠጣል። ፊቱ ደግሞ ጎርበጥ ስለሚል ያረረ ያነሳል።»

ጨርቁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? ኪሮሽ ይነጠፋል፣ ይጋረዳል፣ ይለበሳል። ኪሮሽ ድስት ሲልስ የት አየሽ?» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ። «አብሽሪ እንጉዳይ። እኔና አንቺ ቆመን ማጀት አይገባም።»

እናቴ ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አፏ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሳቁ ግን ያው የሷ ሳቅ ነው። እስከዚያች ሰዓት ያልገባኝ እሷ ዕድሜ ልኳን ስትሠራ አንድም ቀን ኪሮሽ ይታጠብበታል ብላ አስባ አለማወቋ ነው። እኔ ደግሞ ከዩቲዩብ ስቀዳ እዚህ ቤት ኪሮሽ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።


ረድፍ 5

መጋቢት 5፦ ወደ ማጀት መለስኩት።
መጋቢት 5፣ ከሰዓት፦ ቴሌቪዥኑ ላይ።
መጋቢት 8፦ መለስኩት። መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት።
መጋቢት 9፦ ስኳር ዕቃው ላይ። ቁልፉን እንዴት እንዳገኘችው አላውቅም።
መጋቢት 12፦ ቴሌቪዥኑ ላይ።

መጋቢት 14፣ ኑረዲን፦ «ይሄን መርፌ ቁልፍ ማን ነው የቆለፈው?»

መርፌ ቁልፍ ለመቆለፍ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። እስቲ አንቺ በአንድ እጅ ሞክሪው። ሞክሬዋለሁ፣ ጣቴን ወጋኝ። እኔ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ ሳስተምር እናቴ ሰው ሳያያት በዚያ በሰነፈው እጇ መርፌ ስትቆልፍ ነበር የምትውለው።

መጋቢት 15፦ ሆን ብዬ ነቅዬ ወሰድኩት።
መጋቢት 16፦ ቴሌቪዥኑ ላይ።
መጋቢት 17፦ ነቅዬ ወሰድኩት።
መጋቢት 18፦ ቴሌቪዥኑ ላይ።

እንዲህ እየተባባልን ሰነበትን። ንግግር ነው ካልሽው ንግግር ነው። ስሜ ግን የለበትም።


ረድፍ 6

መጋቢት 28፣ እሑድ። ለስድስት ወሩ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

ደምሰው ሐዋሳ ነው ያለው። ሁልጊዜ እሑድ ከምሳ በፊት ይደውላል። ሽሮው እሳት ላይ እንዳለ ስልኩን ጮክ አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩላት። እንደ ወትሮው «እማዬ እንዴት ነሽ፣ በላሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው» አላት። እሷ እንደ ወትሮው «እሺ፣ እሺ» አለችው። ሊዘጋ ሲል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቆጠርኩ። አራት ላይ

«ደምሰው»

አለች።

ጥርት አድርጋ። ስልኩ ውስጥ ወንድሜ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ሰማሁት። «ጠራችኝ እኮ፣ ሰማሽ?» አለኝ። ሰማሁ አልኩት። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።

ቀናሁ።

አሳምሬ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነም። ቀናሁ። አምስት ወር ከአሥራ ዘጠኝ ቀን ያጠብኳት እኔ፣ ያጎረስኳት እኔ፣ በየጠዋቱ ጠጉሯን የጎነጎንኩ እኔ። እሱ በሳምንት አሥር ደቂቃ። ሠርግ የሆነ ያህል አጨበጭባለሁ ብዬ የጠበቅኩት ቀን መጥቶ አንጀቴ አረረ።

ሽሮውም አረረ። ሸተተን።


ረድፍ 7

እንዲህ አድርጊ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ጨርቅ ንቀይው። መርፌ ቁልፉ ከወደቀ ይውደቅ። ማጀት ግቢ። ያረረውን ድስት ቧንቧው ሥር አስቀምጪ፣ ጨርቁን አርጥቢ፣ ፈሳሽ ሳሙና አፍስሺበት። ሃያ አራቱንም ረድፍ ከድስቱ ቂጥ ጋር አገናኚና ፈግፍጊ።

ንዴት ላይ ሆኜ እንኳ ሳልታዘብ አላለፍኩም፤ በጣም ጥሩ ያጥባል። ያበጡት ረጃጅሞቹ ያረረውን ቅርፊት እየቆነጠሩ ያነሱታል፣ ጥጡ ውሃውን ይይዛል። ነጩ ክር ግን ጠቁሯል። እያለቀስኩ ነበር የማጥበው፤ አፍንጫዬን በክንዴ እየጠረግኩ።

ከኋላዬ የምርኩዟ ድምፅ ተሰማኝ። ዞርኩ።

እናቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ጨርቁን አየች። ሳሙናው ጥቁር ሆኖ በእጄ ላይ ሲወርድ አየች። ፊቷ ልጅ ሆኜ አንድ ነገር ሳጠፋ የሚሆነውን ሆነ፣ አፏ ተከፈተ፣ የሆነ ነገር እየፈለገ ቀረ። «ተይ» ልትል ነው አልኩ በልቤ። ወይም «ሠላሳ»። ወይም የወንድሜን ስም። ምላሴ ላይ የራሴ ስም ነበር፣ ላቀብላት ምንም አልቀረኝም። ጥርሴን ነከስኩ። ቆጠርኩ።

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

አራት።

አምስት።

ስድስት።


ከላይ፣ መጀመሪያ እሷ ትበለው ብዬሽ ነበር። ስትለው እጽፈዋለሁ ማለቴ ነበር። አሁን ሳስበው ግን አልጽፈውም፤ ያንቺ እናት አንቺን ብቻ የምትጠራበት ስም አይጠፋም፣ እሱን ነጥቦቹ ላይ አስገቢና ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው።


እናቴ፦ ........................................ ምነው?

እኔ፦ አቤት፣ እማዬ።